ነጋሪው የሌለበት ውይይት

እስቲ አንዲት ተማሪ እናስብ። ያደገችው አየር ጤና ነው፤ የታሪክ ተማሪ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የሰፈሯን ታሪክ መረጠች። ስሙ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል፤ «አየር ጤና» ብሎ ማን ሰየመው? በጅማ መንገድ ዳር መጀመሪያ ቤት የሠሩት እነማን ናቸው? እድሩ እንዴት ተቋቋመ? አባቶችንና እናቶችን እየዞረች ጠየቀች፣ ቡናቸውን ጠጣች፣ ድምፃቸውን ቀዳች። ከዚያ በጦር ኃይሎች በኩል አድርጋ ስድስት ኪሎ ሄደች፤ ለጀማሪ ተመራማሪዎች በተዘጋጀ መድረክ ላይ ጥናቷን በእንግሊዝኛ አቀረበች። ከነገሯት ሰዎች አንድም አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ተማሪዋን እኔ ፈጠርኳት፤ ልማዱ ግን የቆየ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ፤ ኢትኖሎጂ የሕዝቦችን ባህልና አኗኗር የሚያጠና ዘርፍ ነው። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ዋና ደጋፊያቸው ነበሩ። ተማሪዎቹ ስለ ሠርግ፣ ስለ ለቅሶ፣ ስለ እርሻ የሚያውቁትንና ጠይቀው ያገኙትን ጽፈው በማኅበሩ መጽሔት አሳተሙ። የባህል ዕቃም ተሰበሰበ። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሪቻርድ ፓንክረስትን የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ አድርጎ ሲቋቋም፣ ለሙዚየሙ መሠረት ከሆኑት አንዱ ይህ ጅምር ነው።

የማኅበሩ ትልቁ ነገር ድፍረቱ ይመስለኛል። ገና ዲግሪውን ያልያዘ ልጅ አዋቂ ሊሆን እንደሚችል አመነ፤ ያቀረበውንም በወሬ አላስቀረውም፣ አሳተመለት።

ከዚያ የመጣው የታሪክ ትምህርት ክፍል ልማድ ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ለመጀመሪያ ዲግሪ የተጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፎች ገለጥ ብታደርጉ መጨረሻቸው ላይ የነጋሪዎች ዝርዝር ታገኛላችሁ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ማን ነገረህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው፤ ሌላ ተመራማሪ ተከትሎ ሄዶ ማጣራት ይችላል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ከተጠቀሙባቸው ምንጮች መካከል እነዚህ የተማሪ ጽሑፎች ይገኙበታል።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ነጋሪው ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ውይይቱ ላይ ግን የለም። የማኅበሩ መጽሔትም፣ የመመረቂያ ጽሑፎቹም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ታሪኩን የነገሩት አዛውንት ስማቸው በትክክል ቢጻፍም፣ የተባለላቸው ትክክል መሆን አለመሆኑን አያውቁም።

ይህ የአክብሮት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የትክክለኛነትም ጉዳይ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት እናት «እዚህ የመጣነው በ50 ዓ.ም. ነው» ቢሉ፣ የሚናገሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ተማሪዋ ተዘናግታ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ 1950 ብላ ብትተወው ሰባት ስምንት ዓመት ይጠፋል። አዳራሹ ውስጥ ያሉት መምህራን «የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍሽ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋታል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ስህተቱን ግን አያወጣውም። እኚያ እናት ቢኖሩ ኖሮ «ኧረ ልጄ፣ ያኔማ እኛ አልመጣንም!» ይሏት ነበር። በተፈጥሮ ሳይንስ ሙከራ ይደገማል፤ በቃል ታሪክ ከማጣሪያዎቹ አንዱ ይኸው ነው።

«እንግሊዝኛው ለዓለም ያደርሰናል» የሚል ሰው እውነት አለው። ናይሮቢ ወይም ሃምቡርግ ያለ ባለሙያ አንብቦ ሊተቸን የሚችለው በዚያው ነው። ስለዚህ ይቅር አልልም። ግን የናይሮቢው ሰው የአየር ጤናን እድር አያውቀውም፤ የሚያውቁት እዚያው ናቸው። ሁለቱም መተቸት አለባቸው።

መፍትሔው በጀት አይጠይቅም። ጥናቱ ስድስት ኪሎ ከመቅረቡ በፊት አንድ ጊዜ አየር ጤና ይቅረብ፤ በአማርኛ፣ ካስፈለገም በጉራጊኛና በኦሮምኛ። እድሩ መቼም ይሰበሰባል፤ ሃያ ደቂቃ ቢለመን አይከለክልም። የተነሳው እርማት ደግሞ ከነተናጋሪው ስም ጽሑፉ ውስጥ ይግባ።

እናንተም ነገ ተመራማሪ ስትሆኑ፣ ከአዳራሹ ጥያቄ በፊት የነገሯችሁን ሰዎች «በትክክል ጻፍኩት?» ብላችሁ ጠይቁ።