ጭላዳን ከዋልያ ዘመድ ጋር ያስማማ ምርጫ
የስዊዘርላንዱ የዙሪክ የእንስሳት ማቆያ በሰሜን ተራሮች አምሳል ባሰናዳው ክፍል ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ሽኮኮና የኑቢያ አይቤክስ የተባለው ቀንዳም የዱር ፍየል በአንድ ግቢ እንዲኖሩ ማድረጉ ከፍ ያለ አድናቆት ይገባዋል። ቅይጥ ማቆያ፣ ማለትም የተለያዩ ዝርያዎች አብረው የሚኖሩበት ስፍራ፣ የሚሰምረው እንስሳቱ የአንድ አካባቢ ስለሆኑ ብቻ ሳይሆን አመጋገባቸውና አዋዋላቸው እንዳይጋጭ ታስቦ ሲመረጡ ነው። ጭላዳ ቁጢጥ ብሎ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ እየላከ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሲውል አይቤክሱ ቋጥኝ ለቋጥኝ ይወጣል፤ ሽኮኮው ደግሞ ሌሎቹ ሊገቡበት በማይችሉት የድንጋይ ስንጥቅ ይሸሸጋል፤ ይህ መሸሸጊያ ባይኖር ኖሮ አብሮ ማኖሩ ራሱ ጭካኔ በሆነ ነበር። የኒውዮርኩ ብሮንክስ የእንስሳት ማቆያም እ.ኤ.አ. በ1990 በከፈተው የጭላዳ ክፍል ቀደም ብሎ ይህንኑ ስብስብ መርጧል። በሰሜን ተራሮች ከጭላዳ ጋር ገደሉን የሚጋራው ግን ዋልያ ነው፤ ዋልያ በእንስሳት ማቆያዎች ስለማይገኝ የቅርብ ዘመዱ የኑቢያ አይቤክስ ተተክቷል። ምትክነቱ ለጎብኚው በግልጽ እስከተነገረ ድረስ ምርጫው ትክክል ነው፤ ዋልያን ራሱን ማየት የሚሻ ወደ ሰሜን ተራሮች መሄድ አለበት።