የመስተዋቱ ችቦና የአዝማሪው «ተቀበል»

ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ትይዩ የሚገኘው የአፍሪቃ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት። ከታደሰም በኋላ በጥቅምት 2017 እንደገና በክብር ተከፈተ። በዚያው ሰሞን ከአዳራሹ ማዶ አሮጌው ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ይፈርስ ነበር፤ የአዝማሪ ጨዋታን ለዓለም ያስተዋወቀው ፈንድቃም ከሰፈሩ ተነሣ። የሁለቱ ጉዳዮች መገጣጠም አንድ የኪነ ጥበብ ጥያቄ ያስነሣል፤ የተጣሉ ሰዎችን ለማነጋገር የሚበጀው የትኛው ጥበብ ነው?

የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ላይ የአፍሪቃን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ይተርካል። ዘንዶው ጠላት ነው፤ ችቦ የያዘው ቤተሰብ ወገን ነው። ፊት ለፊት ተያይቶ የሚነጋገር ባላንጣ ግን በሥዕሉ ውስጥ አይገኝም። ይህን የሠዓሊው ጉድለት ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የዘመኑ ጥያቄ ቅኝ ግዛት ነበርና። ይሁን እንጂ አፍሪቃ ከዚያ ወዲህ ያየችው መከራ ብዙውን ጊዜ የወንድማማች መከራ ነው። ስለ ደቡብ ሱዳን በየካቲት 1964 በዚህችው ከተማ የተፈረመው ስምምነት ከ11 ዓመት በኋላ ፈርሶ ጦርነቱ አገረሸ።

ይህን ክፍተት በሙዚቃ ለመሙላት ከሞከሩት ስመ ጥሩው፣ እስራኤላዊው ዳንኤል ባረንቦይምና ፍልስጤማዊው ሐያሲ ኤድዋርድ ሰኢድ እ.ኤ.አ. በ1999 በቫይማር የመሠረቱት የምዕራብ ምሥራቅ ዲቫን ኦርኬስትራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ራማላ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል። የእስራኤልና የዓረብ ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጫወቱ አንዱ ሌላውን ካላዳመጠ ዜማው ይበላሻል፤ ይህ ታላቅ ትምህርት ነው። ሆኖም ሁለቱም የሚያነቡት ሌላ ሰው የጻፈውን ኖታ ነው። ቫዮሊን ስለ ተነጠቀ ቤትም ሆነ ስለ ተገደለ ልጅ በቃል አይናገርም። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የወላጆች ክበብ ይበልጣል፤ በግጭቱ ዘመዶቻቸውን ያጡ የሁለቱ ወገን ሰዎች ሐዘናቸውን በገዛ አንደበታቸው እርስ በርስ ይነጋገሩበታልና።

የካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ሁለቱን ባሕርያት አጣምሮ ይዟል። (የሰፈሩ ስም ራሱ ጣሊያን ለሹማምንቱ ካሠራቸው ቤቶች የተወረሰ ነው፤ ሕዝቡ የባዕዱን ቃል በአፉ አላምጦ የራሱ አደረገው።) በዝቅተኛ መቀመጫ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠው እንግዳ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙንም ይሰጣል። አዝማሪው መሲንቆውን እየገዘገዘ ያንኑ ቃል በገዛ አፉ ይደግመዋል። ቃሉ ስድብ ቢሆንም፣ አዝማሪው የማያምንበት ቢሆንም ሳያጎድል ያሰማል። ወዲያው ከማዶ ያለው ሰው በተራው «ተቀበል!» ብሎ መልሱን ይልካል። በሰምና ወርቅ የተሸፈነው ነገር ተሰዳቢውን ራሱን ያስቀዋል፤ ጠቡ ሳይካድ፣ ጠበኞቹም ሳይቧቀሱ ያመሻሉ። ፊት ለፊት ሊሉት የከበደውን ነገር ሦስተኛ ሰው ተሸክሞ ማድረሱ የዚህ ጥበብ ዋና ምሥጢር ነው።

እርግጥ፣ አዝማሪውን ያለ ልክ ማወደስም አይገባም። ሽልማቱ ወዳለበት የሚያዘነብል ምላስ አለው፤ ብር የለጠፈለትን ያሞግሳል፣ ኪሱ ባዶ የሆነውን ይሸነቁጣል። ስለዚህ የደኻው ስንኝ ሁልጊዜ እኩል አልተሰማም። ቢሆንም ደኻው እዚያው ደጃፍ ላይ የሚኖር ጎረቤት ስለነበር፣ ገብቶ ለመናገር ደፋር መሆን ብቻ ይበቃው ነበር።

መሲንቆው ወደ ሌላ መድረክ ሊሻገር ይችላል። ዜማውም አይጠፋም፤ ምናልባት ከቀድሞው የጠራ ድምፅ ማጉያ ያገኝ ይሆናል። የካዛንቺስ ነዋሪ ግን ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበትኗል። በመግቢያ ዋጋ በሚገባበት አዳራሽ አዝማሪው ከከፍታ ቆሞ ለተደረደሩ ወንበሮች ሲዘፍን፣ ከጨለማው ውስጥ «ተቀበል!» የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣለት ይሆን? አድማጩስ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው በስም ያውቀው ይሆን?