ላም አለኝ በሰማይ፦ «የግል ሕይወቷ» በተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የቀረበ ሂስ

የፍቅር ኮሜዲ እንደ ቀላል ጨዋታ ተቆጥሮ ከሐያስያን ብዕር ሲያመልጥ ይታያል። ይሁን እንጂ ብዙ ሕዝብ የሚስቅበት ድርሰት ስለሚስቀው ሕዝብ ኑሮ የሚናገረው አይጠፋምና ሊመረመር ይገባዋል። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ2019 በኤፕሪልና በሜይ ወራት በደቡብ ኮሪያው ቲቪኤን ጣቢያ በ16 ክፍሎች የታየውን «የግል ሕይወቷ» የተባለ ድራማ ነው። ታሪኩ ከኪም ሱንግ ዮን ልቦለድ የተቀዳ ሲሆን፣ የድራማው ጽሑፍ የኪም ሄ ዮንግ፣ ዝግጅቱ የሆንግ ጆንግ ቻን ነው።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሱንግ ዶክ ሚ (ተዋናይት ፓርክ ሚን ዮንግ) በአንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የዐውደ ርእይ አዘጋጅ ናት፤ በሥራዋ የተከበረች፣ በአነጋገሯም የታረመች። ከሥራ ስትወጣ ግን ፊቷን ሸፍና፣ ትልቅ ካሜራ አንግታ፣ ቻ ሺ አን የተባለውን ወጣት ዘፋኝ በየአውሮፕላን ማረፊያው ትከታተላለች። ያነሳቻቸውንም ፎቶግራፎች ራሷ በምታስተዳድረው የአድናቂዎች ድረ ገጽ ታሰራጫለች። ኮሪያውያን እንዲህ ያለውን ዘፋኝ «አይዶል» ይሉታል፤ ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ጣዖት ማለት ነው። ምስጢሯን የሚደርስበት አዲሱ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ራያን (ተዋናይ ኪም ጄ ዉክ) ነው። የኮሜዲው ሳቅ የሚፈልቀው ከዚህ ድብብቆሽ ነው።

የድራማው ትልቁ ብርታት አድናቂዋን መሳቂያ አለማድረጉ ነው። በብዙ ድርሰቶች አድናቂ ማለት የምትጮህና ራሷን የምትስት ኮረዳ ናት። እዚህ ግን ሥዕል መርጣ የምትሰቅለው ዓይንና የዘፋኙን ፊት በካሜራ የምታነጣጥረው ዓይን አንድ ናቸው። ታዲያ ዶክ ሚ አንዱን ፍቅር በአደባባይ ስታሳይ ሌላውን ለምን ትደብቃለች? ማኅበረሰቡ የሥዕልን ፍቅር ዕውቀት፣ የዘፋኝን ፍቅር ዕብደት ብሎ ስለሚጠራው ነው። ድራማው ይህን ሚዛን በሳቅ ይፈታተነዋል። ራያን ቀድሞ ሠዓሊ የነበረ፣ ዛሬ ግን ቡሩሽ ማንሳት የተሳነው ሰው መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መውደድን የሚማረው ማፍቀር ከማይሰለቻት ሴት ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ድራማው መጠየቅ የጀመረውን ጥያቄ ይተወዋል። ዶክ ሚ ከዘፋኙ ጋር ፍቅር ይዟታል የሚል ወሬ ሲናፈስ የገዛ ጓዶቿ አድናቂዎች ይነሱባታል፤ ቁጣቸውን ለማብረድም ከራያን ጋር የሐሰት ፍቅረኞች ሆነው ለመታየት ይገደዳሉ። ትዕይንቱ ያስቃል፤ ቢሆንም ፍቅር ወደ ስለላና ወደ ዱላ ሲለወጥ ያሳያል። ድራማው ግን ጥፋቱን በአመዛኙ በቀድሞዋ ዳይሬክተር ቅምጥል ልጅ ላይ ይጥልና ያልፋል። ያንን ፍቅር ኮትኩቶ የሚሸጠው ገበያ አንድም ጊዜ አይከሰስም።

አበው «ላም አለኝ በሰማይ» የሚሉት ተረት የአድናቂን ዕጣ ይገልጻል፤ የኮሪያዋ ላም ግን ወተት ነበራት። ፎቶግራፍ የምታነሳው፣ የምታሰራጨው፣ ስሙን የምታስጠራው አድናቂዋ ናት፤ የሚያልበው ሌላ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ቲቪኤን የሲጄ ኢኤንኤም ኩባንያ ጣቢያ ነው። የዚሁ ኩባንያ ሌላ ጣቢያ፣ ኤምኔት፣ በዚያው በ2019 «ፕሮዲዩስ ኤክስ 101» የተባለ የዘፋኞች ውድድር አስተላልፏል። ተመልካቾች በስልክ መልእክት ለአንድ ድምፅ 100 ዎን እየከፈሉ የሚወዱትን ወጣት መረጡ። ይሁን እንጂ የድምፁ ውጤት ተጭበርብሮ ተገኘ፤ ዋና አዘጋጁም በኖቬምበር ተይዞ፣ በሜይ 2020 የ2 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በአንዱ ጣቢያ አድናቂዋ በርኅራኄ ስትሣል፣ በሌላው ድምፅዋ ይሰረቅ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ «የግል ሕይወቷ» ሊተነብይ ይገባው ነበር አንልም። የምንለው ስለ ፍጻሜው ነው። በልጅነቱ ለባሕር ማዶ ቤተሰብ በማደጎነት የተሰጠው ራያን፣ የዘፋኙ የሺ አን ወንድም ሆኖ ይገኛል። ጣዖቱም በአንድ ጊዜ የአድናቂዋ የወደፊት አማች ይሆናል። በዚህ ዘዴ የገበያ ግንኙነት ወደ ዝምድና ይለወጣል፤ ዘመዳሞች ደግሞ ሒሳብ አይጠያየቁም። የተዋንያኑ ብቃት፣ በተለይም ፓርክ ሚን ዮንግ ሁለቱን ኑሮ በአንድ ፊት ላይ ማፈራረቋ፣ ይህን ስንፍና ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ አያስወግደውም።

ያም ሆኖ ድራማው ለኪነ ጥበብ ሰዎችና ለመምህራን የሚተወው ትምህርት አለ። ተማሪው ስለሚወደው ዘፋኝ ሲያወራ ከመሳቅ ይልቅ፣ ያ ተማሪ እንዴት ማየትና መውደድ እንደ ቻለ መጠየቅ ይገባል። ቀጥሎም ድራማው ያላነሳውን ጥያቄ አብሮ ማንሳት ነው፦ ላሟን ማን ቀለበ፣ ማንስ አለባት?