ክሎኤ፦ የቤተሰብ ስም የሌለው የፋሽን ቤት

ክሎኤ ስለተባለው የፓሪስ ፋሽን ቤት ሲጻፍ የስሙ ፍቺ ይቀድማል። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ ለምለም ቡቃያ ማለት ሲሆን አቴናውያን የእህል አምላካቸውን ዴሜጥርን በዚህ ቅጽል ይጠሯት ነበር። ቀጥሎ የሎንጉስ የእረኞች የፍቅር ልቦለድ «ዳፍኒስና ክሎኤ» ይነሣል፤ ራቬል የባሌት ሙዚቃ ሠርቶበት በ1912 በፓሪስ ለመድረክ በቅቷል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢም ለስሙ እንግዳ አይደለም፤ የቆሮንቶስን ምእመናን ክርክር ለጳውሎስ ያስታወቁት የ«ቀሎዔ» ቤተ ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ ተነሥቶ የቤቱን ቀሚሶች ልስላሴ በቡቃያው መተርጎም ቀላል ነው። ያምራልም፤ ነገር ግን ስሙ ለምን እንደተመረጠ አያስረዳም። እኔ እንደማየው የስሙ ጉልበት ያለው ብቻውን በመቆሙ፣ የቤተሰብ ስም ባለመከተሉ ላይ ነው።

መሥራቿ ጋቢ አጊዮን በ1921 በእስክንድርያ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች፤ በ1945 ከባለቤቷ ከሬይሞን ጋር ፓሪስ ገባች። ኑሮዋ የሞላ ስለነበር ሥራ ያሰኛት የዕለት እንጀራ አልነበረም፤ ቤት መዋል አልበቃ ብሏት እንጂ። በ1952 በጥጥ ፖፕሊን በተሰፉ ስድስት ቀሚሶች ጀመረች፤ ለቡቲኮችም ራሷ እያዞረች ሸጠች። በዚያ ዘመን ጥሩ ልብስ የምትሻ ሴት ወደ ታላላቆቹ ቤቶች ሄዳ ትለካለች፣ ተመላልሳም በገላዋ ላይ እየታየ ይስተካከልላታል። ተሰፍቶ የሚሸጠው ደግሞ በአመዛኙ የእነዚያ ቤቶች ሥራ ርካሽ ግልባጭ ነበር። አጊዮን በሁለቱ መካከል ገባች፦ ስፌቱና ጨርቁ የታላላቆቹን ያህል፣ ግዢው ግን ከመስቀያ አንሥቶ መሄድ። ቅንጡ ፕሬታፖርቴ (ተሰፍቶ የሚሸጥ ልብስ) የሚባለውን ካስጀመሩት አንዷ የምትባለው በዚህ ነው። ቡቲኮቹ የቤቱን ምልክት ከልብሱ ላይ እንዳያነሡም አጥብቃ ትጠይቅ ነበር።

ምልክቱ ላይ ያለው ስም ግን የእርሷ አልነበረም፤ ከአንዲት ወዳጇ የተዋሰችው ነው። ዲዮርን፣ ባሌንሲያጋን፣ በዚያው በ1952 የተከፈተውን ዢቫንሺን ስናስብ ልማዱ ግልጽ ነው፤ ቤቱ የሚጠራው በጌታው የቤተሰብ ስም ነው። የራስ ስም ዋናው ስም በሆነበት፣ የአባት ስም ተከትሎ በሚመጣበት በእኛ ባህል የአጊዮን ድፍረት ላይታይ ይችላል። በፓሪስ ግን የቤተሰብ ስም ሀብትን፣ ዘርን፣ ውርስን ይሸከማል። አጊዮን የሚለው ስምም ባለጸጋ የእስክንድርያ ቤተሰብ መጠሪያ ነበር። እርሷ ይህን ወደ ጎን ትታ፣ ጓደኛ ጓደኛዋን የምትጠራበትን ስም ልብሱ ላይ ሰፋች። ደንበኛዋም የጌታ ቤት ደጅ እንደምትጠና እንዳይሰማት።

ውጤቱ ውሎ አድሮ ታየ። ወራሽ የማይጠይቅ ስም ማንም ዲዛይነር ሊገባበት ይችላል። ካርል ላገርፌልድ ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1983 በቤቱ ቆይቶ ዝናውን አብዝቶ የገነባው በሌላ ሰው ስም ነው፤ በራሱ ስም የሚጠራውን ቤት የከፈተው ከወጣ በኋላ በ1984 ነው። ቤቱ በ1985 ለደንሂል ተሸጦ ዛሬ በሪሽሞንት ቡድን ሥር ይገኛል። በ1992 ላገርፌልድ ተመልሶ አምስት ዓመት ሠራ። በ1997 የ25 ዓመቷ ስቴላ ማካርትኒ ስትተካው፣ ትልቅ ስም መፈለጋቸው ደግ ነበር፣ ያገኙት ግን በሙዚቃ እንጂ በፋሽን አይደለም ሲል ተሳለቀ። የአባቷን የፖል ማካርትኒን ዝና መውጋቱ ነው። የቤተሰብን ስም ከደጅ ባስቀረ ቤት ክርክሩ ዞሮ በቤተሰብ ስም ላይ መሆኑ ያስገርማል። ስላቁም ስቶ ነበር፤ የእርሷና በ2001 የተካቻት የፊቢ ፋይሎ ዘመን ቤቱን ለወጣት ገዢዎች መልሶታል።

በዚያው ዘመን ክሎኤ በእንግሊዝና ዌልስ ለሴት ሕፃናት በብዛት ከሚወጡት ስሞች አንደኛ ሆኖ ነበር። ይህን በፋሽን ቤቱ ማሳበብ ግን አያስኬድም፤ የስም ፋሽን የራሱ መንገድ አለው።

ይልቅ የሚያነጋግረው ቤቱ ዘዴውን ወደ ዕቃ ማውረዱ ነው። ማርሲ፣ ፌይ፣ ኤልሲ የሚባሉ የእጅ ቦርሳዎች አውጥቷል፤ ሁሉም የሴት ስሞች ናቸው። አጊዮን ስሙን ስትዋስ ከኋላው አንዲት የምታውቃት ሴት ነበረች። ቦርሳዎቹን የሚጠሩት ስሞች ግን የሚያቀርቡት ያንኑ ወዳጅነት ያለ ወዳጅ ነው፤ ለገዢዋም ዋጋው ከወዳጅ የሚጠየቅ አይደለም።