የማን ልጅ ነበረች?

አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ልጆቼን ስልክ ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው። የሚያዩት ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ፣ ጭንቅላቱ ወደ ላይ የሾለ፣ የዓይኑ ጉድጓድ የሰፋ የደረቀ አካል ነው። ታናሽየው «አባዬ፣ ይሄ ጂን ነው?» ሲለኝ ታላቁ ቀደመኝና «አይደለም፣ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ነው» አለው። ምስሉ የተወሰደበትን ፊልም አብሬያቸው እስከ መጨረሻው አየሁት።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ሲሪየስ» ነው። ዋናው ተናጋሪ ዶክተር ስቲቨን ግሪር የተባሉ አሜሪካዊ ናቸው። ከሰማይ ስለሚመጡ እንግዶችና መንግሥታት ደበቁት ስለሚባለው ምስጢር ብዙ ይናገራሉ፤ ያን ለሌላ ቀን ልተወው። ሰውን ወደ ፊልሙ የሳበው ግን ያቺ ትንሽ አካል ናት። «አታ» ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በቺሊ፣ በአታካማ በረሃ፣ ላ ኖሪያ በምትባል የናይትሬት ማዕድን ሠራተኞች ጥለዋት በሄዱ መንደር ተገኘች። ርዝመቷ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከእጅ ወደ እጅ ስትሸጥ ቆይታ በመጨረሻ አንድ የስፔን ነጋዴ ገዛት።

የፊልሙ ሰዎች ናሙና ለምርመራ መስጠታቸው ሊመሰገን ይገባል። መርማሪው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጋሪ ኖላን ነበሩ። ቃላቸውም ግልጽ ነበር፤ ሰው ናት። ፊልሙ በማስታወቂያው ያስቀደመው ግን ይህን ቃል ሳይሆን ምስሏን ነው። ልጆቼም ከፊልሙ የያዙት ምስሉን እንጂ ቃሉን አልነበረም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ሳይንስ አሉባልታን አሸነፈ» ብለን ባለፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 እነ ኖላን የዘረመል ጥናታቸውን በታወቀ የሳይንስ መጽሔት አወጡ። ሴት ናት፣ ዘሯ ከቺሊ ነው፣ የጎድን አጥንቷ 12 ጥንድ መሆን ሲገባው 10 ጥንድ ነው፣ አጥንቷም ከዕድሜዋ በላይ የበሰለ ይመስላል አሉ። ለዚህ ሁሉ ምክንያት ይሆናሉ ያሏቸውን የዘረመል ጉድለቶችም ዘረዘሩ። በዚያው ዓመት ግን የሕጻናትንና የጥንት ሰዎችን አጽም በማጥናት የኖሩ ምሁራን፣ የቺሊ ሰውም ያለበት ቡድን ሆነው፣ መልስ ጻፉ። ይህች በ15 ሳምንቷ ገደማ የጨነገፈች ፅንስ ናት፤ በዚያ ዕድሜ 11ኛውና 12ኛው የጎድን አጥንት ገና አለመታየቱ የተለመደ ነው፤ የጭንቅላቷ መሾልም ለስላሳ የፅንስ ራስ ሲጫነው የሚሆን ነው አሉ። በነሱ ዓይን ያልተለመደ የተባለው አካል ያልተለመደ አልነበረም። ስለዚህ ከአካሏ ናሙና እየቀነሱ ዘረመል ለመፈተሽ የሚያበቃ ምክንያትም አልነበረም። የፅንስ አጽም የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ምስጢሩ ገና ሳይወለድ ይቀር ነበር ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። አካሏ ስትገኝ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ጨርቁም በሐምራዊ ጥብጣብ ታስሮ እንደነበር ተዘግቧል። የተገኘችውም በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነው። እንግዲህ ያንን ጥብጣብ ያሰረ እጅ ነበረ። በኛም ቤት አካሉ የተለየ ፅንስ ሲጨነግፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበራል፤ እናቲቱም «ልጄ» ትለዋለች እንጂ ሌላ ስም አታወጣለትም። ፊልሙ ስለ ከዋክብት ያን ያህል ሲያወራ ያሰረው ማን ይሆን ብሎ አልጠየቀም።

በፔሩ ናዝካ የሆነው ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ባለ ሦስት ጣት «ሙሚያዎች» ተገኙ ተባለ፤ በመስከረም 2023ም የሜክሲኮ ጋዜጠኛ ሐይሜ ማውሳን ሁለቱን በሣጥን አድርገው አገራቸው ምክር ቤት ፊት አቀረቡ። በጥር 2024 የፔሩ የፎረንሲክ ባለሙያ ፍላቪዮ ኤስትራዳ ሊማ አውሮፕላን ማረፊያ የተያዙ ተመሳሳይ ሁለት አሻንጉሊቶችን መርምረው ውጤቱን ተናገሩ። የእንስሳና የሰው አጥንት በዘመናችን ሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ነው አሉ። የሰው አጥንት ከተባለ ደግሞ ያ አጥንት ከአንድ ሰው መቃብር የወጣ ነው።

በሰው ብቻ እንዳንፈርድ የራሳችንንም ጉድ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የኮምፒውተር ሥዕል ባለሙያ ለውድድር ብሎ አንድ ፎቶግራፍ አቀናበረ። በ2000 በኒው ዮርክ ግዛት የማስቶዶን፣ ማለት የጥንት ዝሆን መሰል እንስሳ፣ አጥንት ሲቆፈር የተነሣውን ፎቶ ወስዶ የግዙፍ ሰው አጽም ጨመረበት። በ2004 ይኸው ሥዕል «በሳዑዲ ዓረቢያ የዓድ ሕዝብ አጽም ተገኘ» ተብሎ በሙስሊሞች መካከል ተሰራጨ። ዜና ሲመጣልን እንድናጣራ የታዘዝን ሰዎች ሳናጣራ አስተላለፍነው። የዓድን ታሪክ የምናምነው በቁርኣን እንጂ በፎቶግራፍ አልነበረም፤ ታዲያ ፎቶግራፉ ምን ሊጨምርልን ነበር? ዛሬም በየስልኩ ይዞራል፤ እኔም አንድ ጊዜ ደርሶኝ «ሱብሓነላህ» ብዬ ለሌላ ሰው አሳልፌአለሁ።

ለልጆቼ ስለ አታ ይህን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ ታናሽየው «ታዲያ መልሰው ቀበሯት?» አለኝ። በ2018 ክርክሩ ሲነሣ የቺሊ ሳይንቲስቶች ወደ አገሯ ትመለስ እያሉ ነበር፤ እሷ ግን ስፔን ውስጥ በገዛት ሰው እጅ ነበረች። ይህንኑ ነገርኩት። ስልኩን ዘግቶ ለዒሻ ውዱእ ሊያደርግ ተነሣ።