ሸክላ ሠሪው በመጽሐፈ ሲራክ

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የጥበብ መጻሕፍት እየተባሉ የሚጠሩት ድርሰቶች ከሕግና ከነቢያት መጻሕፍት የሚለዩበት ጠባይ አላቸው። ሕጉ ያዝዛል፤ ነቢዩ ይገሥጻል፤ ጠቢቡ ግን የሰውን ኑሮ አይቶና መዝኖ ይመክራል። መጽሐፈ ኢዮብ የጻድቁን መከራ፣ መጽሐፈ መክብብ የድካምን ከንቱነት፣ መጽሐፈ ምሳሌ የዕለት ኑሮን ብልሃት ይመረምራሉ። ጥበበ ሰሎሞንና መጽሐፈ ሲራክም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍት ይቆጠራሉ።

ሲራክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ180 ዓመት ገደማ በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ተጻፈ፤ የደራሲው የልጅ ልጅ በግብፅ ወደ ግሪክ መለሰው፤ ከግሪክም ወደ ግእዝ ተሻገረ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1546 እ.ኤ.አ. በትሬንት ጉባኤ ስታጸናው፣ ፕሮቴስታንቶች ከቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ለዩት። ስለዚህም ዛሬ በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ፣ ጎረቤታሞች ሆነው አንዱ ሰማንያ አንዱን፣ ሌላው ስድሳ ስድስቱን የሚያነብቡ አማኞች ይገኛሉ።

በዚህ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 ላይ ደራሲው ገበሬውን፣ ቅርጽ አውጪውን፣ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን በየተራ ያቆማል። የቀጥቃጩን ገላ የሚያከሳውን የእሳት ወላፈን፣ ሸክላ ሠሪው በእግሩ የሚያዞረውን መንኰራኵር በቅርብ እንዳየ ሰው ይሥላል። ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቆምም ይመሰክራል። ይህ በጥንታዊው ዓለም ድርሰት ብዙ ጊዜ የማይገኝ ክብር ነው። ይሁንና ወዲያው አጥር ያጥራል፦ ለሕዝብ ምክር አይጠሩም፤ በፍርድ ወንበር አይቀመጡም፤ ጥበብ ፋታ ላለው ጸሐፊ ናት ይላል። ክፍሉን ለሥራ ክቡርነት ማስረጃ አድርጎ ብቻ መጥቀስ እንግዲህ ግማሹን ማንበብ ነው።

ለደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር አንባቢ ይህ አጥር እንግዳ አይደለም። በአካባቢው ብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ ሸክላ ሥራ፣ ቆዳ ፍቀትና ብረት ቅጥቀጣ ለረጅም ዘመን የተናቁ ሙያዎች ሆነው ኖረዋል። በካፋና በሸካም ማንጆ የሚባሉት፣ በአደን ይኖሩ የነበሩት ወገኖች፣ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ተገልለዋል። ቡናው የሚፈላበት ጀበና የሸክላ ሠሪዋ እጅ ሥራ ነው፤ ጀበናው ከምድጃው ዳር የክብር ቦታ ሲያገኝ የሠራችው ሴት ግን ከደጅ ትቀራለች። ሲራክ ያመሰገነውንም ያጠረውንም እኛ በአንድ ረከቦት ላይ እናገኘዋለን።

ይህን ያህል ዘመን ያለፈውን ደራሲ በዛሬ ሚዛን መመዘን አይገባም የሚል ሊኖር ይችላል። ክርክሩ ሚዛን ባይደፋም፣ መልሱ እዚያው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የናዝሬት ሰዎች ስለ ኢየሱስ ሲደነቁ፣ ይህ ጥበብ ከየት መጣለት፣ ይህ ጸራቢው አይደለምን የሚል ጥያቄ ያነሣሉ። የሚያሰናክላቸው ሲራክ የጻፈው ያው ልማድ ነው፤ የእጅ ሠራተኛ ጥበብን አይናገርም የሚለው። ወንጌሉ ግን ጥበብን በእጅ ሠራተኛው አፍ ላይ አኖራት። ይህም ክፍል በሰማንያ አንዱም፣ በስድሳ ስድስቱም አለ።

የጥበብ መጻሕፍት በክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት መካከል ያላቸው ቦታ ከዚህ አኳያ ሲታይ የመደምደሚያ ሳይሆን የክርክር ቦታ ነው። መክብብ ከምሳሌ ጋር፣ ኢዮብ ከወዳጆቹ ጋር፣ ወንጌሉም ከሲራክ ጋር ይከራከራል። በአንዱ ንባብ ላይ አንድም እያለ ሌላ ፍች የሚጨምረው የአገራችን ትርጓሜ ቤትም ለዚህ ዓይነቱ ንባብ የተመቸ ነው። መምህሩ ምዕራፍ 38ን ሲያስተምር ምስጋናውንም አጥሩንም ያስነብብ። ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱም ጀበናዋን ሲሥል የሠራቻትን እጅ አይርሳ፤ በምክሩ ሸንጎም መቀመጫዋን ያዘጋጅላት።