አርታዒ ወይስ ፊደል ለቃሚ?

አዲስ መጽሐፍ ሲገዙ ከታሪኩ በፊት ምስጋናውን የሚያነቡ ሰዎች አሉ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ረቂቁ በእነማን እጅ እንዳለፈ ማወቅ ደስ ይለኛል። ከምስጋናው መካከል «የአርትዖት ሥራውን ለሠራልኝ ወዳጄ» የምትል ሐረግ አትጠፋም። ይሁን ብዬ ገጹን እገልጣለሁ። ገጽ 40 ላይ ተለቅሶላቸው የተቀበሩት አጎት ገጽ 112 ላይ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ! ፊደሉ ግን እንከን አይወጣለትም። «ፀሐይ» በፀሐዩ ፀ፣ «ሥራ» በንጉሡ ሠ።

እንዲህ ዓይነቱ ወዳጅ አልሰነፈም። የተሰጠው ሥራ ፊደል ለቀማ ነበር፣ ለቀመ። መጽሐፉ የታመመው ሌላ ቦታ ነው።

አርትዖት የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ብዙ ሥራ ተጭኖበታል። የድርሰቱን አካል የሚያይ አለ፦ ታሪኩ ከየት ይጀምር? ይህ ምዕራፍ ባይኖር ምን ይጎድላል? እኚህ አጎት ሞተዋል አልሞቱም? ዐረፍተ ነገሩን ይዞ የሚታገል አለ። በአንድ አንቀጽ ዘጠኝ «ነበር» ሲደረደር ጆሮው የሚታመም ሰው ነው። ፊደሉን፣ ሥርዓተ ነጥቡን፣ የስሞችን አጻጻፍ የሚጠብቅም አለ። ገጹ ከተቀናበረ በኋላ ደግሞ ፕሩፉን ይዞ የሚቀመጥ አራሚ አለ። እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው ሊችላቸው ይችላል፤ በአንድ ንባብ ግን አይሠራቸውም። ቅደም ተከተልም አላቸው። የሚቆረጥን ምዕራፍ ፊደሉን አሳርሞ መክፈል ለሚፈርስ ግድግዳ ቀለም መግዛት ነው።

የኛ ደራሲ ግን ረቂቁን ይዞ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በገጽ ስንት ነው?» ብሎ ነው። «ምኑን ነው የምታይልኝ?» የሚል አልሰማሁም። አልፈርድበትም፤ ገንዘቡ ከራሱ ኪስ የሚወጣ ነው። ማተሚያ ቤቱም አለ፣ አከፋፋዩም አለ።

ከገንዘቡ በላይ ግን ፍርሃቱ የሚከፋ ይመስለኛል። «ብዕሬን እንዳይነካብኝ» የሚለው ፍርሃት ከመሬት አልበቀለም። በደርግ ዘመን ረቂቅ ሳንሱር ሳያየው አይታተምም ነበር። በዚያው ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ እንደ አማረ ማሞ ያሉ፣ ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ መጽሐፍ እስከማዘጋጀት የደረሱ አርታዒዎች ይሠሩ ነበር። ደራሲው ታዲያ ሁለቱንም ያገኘው በአንድ መንገድ ላይ ነው፤ ለመንግሥት ብሎ የሚሰርዘውንና ለመጽሐፉ ብሎ የሚሰርዘውን። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር እልል ያልነው በደንብ ነው። ነገር ግን ብዙው ደራሲ ራሱ አሳታሚ ሲሆን «ይህ ምዕራፍ አይረባም» የሚለው ሰውም አብሮ ከቤቱ ወጣ። የቀረው ወዳጅ ነው። ወዳጅ ደግሞ ፊደል ቢያርም እንጂ ምዕራፍ አያስወጣም፤ ነገ ሠርግ ላይ ይገናኛሉ።

የፊደል ለቀማን ክብር እየቀነስኩ እንዳይመስል። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥለው ነው፤ «ሰአሊ» በግእዙ «ለምኚ» ነው። «ዓመት» ዘመን ነው፤ «አመት» ገረድ ናት። ሁለቱም ቃል ስለሆኑ ኮምፒዩተር ላይ ጥሎ መተኛት አያዋጣም፤ የሚያውቅ ዓይን ይፈልጋሉ። እኔ የምለው ይህ ዓይን የሌላውን ሥራ ሠርቷል አይባል ነው።

የተገላቢጦሹም ጉዳት አለ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የልጅነት ትዝታቸውን ጻፉ፤ ጎጃም ነው፤ 300 ገጽ ያህል። ደህና ገንዘብ ከፍለው «ቋንቋውን አስተካክልልኝ» አሉ። አስተካካዩም አላሳፈራቸው። «ነይ እንጅ አንች ልጅ» ይሉ የነበሩት አያት «ነይ እንጂ አንቺ ልጅ» ማለት ጀመሩ፤ ሲቆጡ እንኳ ዜና የሚያነቡ ይመስላሉ። የመጽሐፉ ነፍስ ግን የሳቸው አንደበት ነበር። መንካት የነበረበት ሌላ ነው፤ ከመቶ ገጽ የማያንሰው የዘመድ አዝማድ ዝርዝር ነበር፣ እከሌ እከሌን ወለደ እያለ የሚሄድ። እሱን ማንም አልነካው። የታዘዘው «ቋንቋ» ነዋ!

እንዴት ይመረጥ ለሚለኝ፣ መጀመሪያ ረቂቁን ዘመድ ላልሆነ አንባቢ ስጥና «ወደድከው?» ብለህ አትጠይቀው፤ «የት ላይ አቆምክ?» በለው። ምዕራፍ ሦስት ላይ አስቀምጦት እንቅልፉን ከተኛ፣ ፊደል የሚለቅም ሰው አያድንህም። ጨርሶት «እየመላለስኩ ነው ያነበብኩት» ካለህ ችግሩ ዐረፍተ ነገሩ ላይ ነው። በፊደል ብቻ ካጉረመረመ ዕድለኛ ነህ፣ ወጪህም ያንሳል። ቀጥሎ፣ ሙሉውን ረቂቅ ከማስረከብህ በፊት አምስት ገጽ አሠርተህ እየው። ቀዩ እስክሪብቶ ምኑ ላይ እንዳረፈ ካየህ የሰውየውን ሙያ ማንም አይነግርህም። ሲዋዋሉም «አርትዖት» ብሎ ጽፎ መፈረም ለጠብ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ።

እኛ ሐያሲ ነን ባዮችም ከዚህ ነፃ አይደለንም። አሥር የፊደል ግድፈት ስናገኝ «የአርትዖት ችግር አለበት» እንልና፣ የሞቱት አጎት ቡና ሲጠጡ ግን «የደራሲው ምናብ» ብለን እናልፋለን።

መምህሩ መጽሐፋቸውን ሁለተኛ ጊዜ ሲያሳትሙ አያታቸውን ወደ «እንጅ» መለሷቸው። የዘመዶቹ ዝርዝር ግን እንዳለ ነው። አሁንማ አንባቢም ወቅሷቸዋል፤ «እነሱን እንዴት አድርጌ ላውጣ?» አሉኝ፤ «ግማሾቹ እኮ መጽሐፉን ገዝተዋል።»